ሁላችን ከአንድ ጭቃ ነን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ይቈጠራል። ይህ ወቅት ዘር የሚበቅልበት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ምድር ዝናም የምትጠግብበት ወቅት ነው። የጭቃም ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ወደ አንጋጫና ወደ ዶዮገና፣ ወይም ወደ ሾኔ ገጠሮች የሚወጣ መንገደኛ ዋናውን መንገድ እንደ ለቀቀ ጭቃ ይቀበለዋል። ጫማው ይከብዳል፤ መኪናው ይሰምጣል። ነጠላዋን አጣፍታ ለቅዳሴ የምትገሠግሥ እናት ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ትሄዳለች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስትደርስም እግሯን ታጥባ ትገባለች። በዚህም ምክንያት ጭቃ ለብዙዎቻችን የሚታጠብ፣ የሚጠረግና የሚሸሽ ነገር ሆኖ ይታየናል።

ያው ጭቃ ግን የቤታችን ግድግዳ፣ የእንጀራችን ምጣድ፣ የቡናችን ጀበና ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ የራሳችን ሥጋ ነው። የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዚህ ጽሑፍ ጭቃ በተፈጥሮ፣ በኑሮ፣ በአነጋገራችንና በቅዱሳት መጻሕፍት ያሉትን ትርጕሞች በሀዲያና በከምባታ ምድር ላይ ቆመን እንመለከታለን። በመጨረሻም ጭቃን በእጃቸው እየሠሩ የሚኖሩ ወገኖቻችንን እንዴት እንደያዝናቸው ራሳችንን እንጠይቃለን።

የሆሳዕና ከተማ ስም ራሱ ለዚህ ነገር መግቢያ ይሆነናል። ከተማዋ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲዋ በዚሁ ስም ይጠራል። የአሁኑ ስሟ የተወሰደው ግን ጌታችን በአህያ ውርንጭላ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ከገባበት በዓል ነው። የነገሥታት ንጉሥ በሠረገላና በፈረስ ሳይሆን በአህያ መምጣቱ የትሕትና ትምህርት ነው። ትሕትና የሚለው ቃል በግእዝ ታሕት፣ ማለትም ከታች፣ ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ትሑት ማለት ዝቅ ያለ ማለት ነው። ከእግራችን በታች ካለው ሁሉ ደግሞ እንደ ጭቃ ዝቅ ያለ የለም። ስለዚህ በትሕትና በዓል ስም በተጠራች ከተማ ዙሪያ ስለ ጭቃ መናገር የተገባ ነው።

ጭቃ በተፈጥሮ

ጭቃ የአፈርና የውኃ ውሕድ ነው። ይሁን እንጂ አፈር ሁሉ እኩል ጭቃ አይሆንም። አሸዋ ውኃ ቢነካው ያሳልፈዋል እንጂ አይቦካም። ጭቃን ጭቃ የሚያደርገው ሸክላማ አፈር ነው። የዚህ አፈር ቅንጣት ስፋቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ በዐይን አይታይም። ቅርጹም እንደ ስስ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። ውኃ በእነዚህ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች መካከል ሲገባ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጭቃ ያዳልጣል፣ ይለጠፋል፣ በእጅ ሲይዙትም የተፈለገውን ቅርጽ ይቀበላል። ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፤ ጭቃው ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል።

በደጋማው የሀዲያና የከምባታ ምድር በብዛት የሚታየው ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በረጅም ዘመን መበስበስ የተገኘ ነው። ውኃ በሚተኛባቸው ሜዳማ ስፍራዎች ደግሞ ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር አለ። ይህ በክረምት አብጦ እግር ይይዛል፤ በበጋ እስከ ጥልቁ ይሰነጠቃል። እንሰት፣ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅሉት፣ በዚህ ሕዝብ በበዛበት አገር ብዙ ቤተሰብ ከጠባብ ማሳ የሚኖረው፣ ይህ አፈር ውኃን ስለሚይዝ ነው። የሚያስቸግረን የክረምቱ ጭቃና የሚመግበን አፈር ሁለት ነገሮች አይደሉም። ቆጮ እንኳ የሚበስለው በአፈር ሆድ ውስጥ ነው፤ የተፋቀው እንሰት በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ተቀብሮ ቦክቶ ምግብ ይሆናል።

ተራራው ሲራቈትና ዛፉ ሲመነጠር ግን አፈር በቦታው አይቀመጥም። ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ በሀዲያና በሀላባ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው የብላቴ ወንዝ ብዙ ደለል ተሸክሞ አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ሐይቅ ውኃ ቀላ ብሎ የሚታየው በውስጡ ተንጠልጥሎ በሚኖረው ደለል ምክንያት ነው። በአንዱ አገር ማሳ ላይ የጠፋው አፈር በሌላው አገር ሐይቅ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ገበሬው እርከን ሲሠራ፣ ምእመናንም የቤተ ክርስቲያንን ቅጽር ደን ሲጠብቁ፣ የሚጠብቁት ዛፉን ብቻ ሳይሆን ከእግሩ በታች ያለውን አፈር ጭምር ነው።

ጭቃ የሐዘንም ስም ሆኖብናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናም በኋላ የተነሣው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ የሆኑ ወገኖቻችንን ሕይወት ቀጥፏል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ከሮጡት ጎረቤቶች ብዙዎቹ በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። በእጅና በአካፋ ጭቃውን እየዛቁ የወንድሞቻቸውን አስከሬን ሲፈልጉ የነበሩትን ሰዎች ያየ ሁሉ ሁለት ነገር ተረድቷል። ሰው ከመሬት የተገኘ ደካማ ፍጥረት መሆኑን፣ ደግሞም ሰው ለወንድሙ ሲል ወደ ጭቃ ዘልሎ የሚገባ ክቡር ፍጥረት መሆኑን። እነዚህን ሁለቱን በአንድነት ያልያዘ ሰው ስለ ሰው ገና በሚገባ አላወቀም።

ጭቃ በቤታችን

በኢትዮጵያ ገጠርና በትንንሽ ከተሞቻችን ብዙው ቤት የጭቃ ቤት ነው። ሀዲያና ከምባታም ከዚህ አይለዩም። ቋሚ እንጨት ይተከላል፤ በማገር ይማገራል። አፈር ተቈፍሮ በውኃ ይርሳል፤ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር እየተረገጠ ይቦካል። ጥቂት ቀናት ሲቆይ ይበስላል፤ ከዚያም ይመረጋል። ምርጉ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ስለሚታወቅ በላም እበትና በደቃቅ አፈር ይለሰናል። ጭድ የሚጨመርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭዱ ግን ገመድ ሆኖ ይይዘዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ፈርዖን እስራኤላውያንን ጭድ ከልክሎ የጡቡን ቍጥር ግን ሳይቀንስ ባስጨነቃቸው ጊዜ ምን ያህል ግፍ እንደሠራ ከማንም ይልቅ ይገባዋል (ዘፀ. 5፥6-19)። ጭቃ ለእስራኤል የባርነት ምልክት የሆነው (ዘፀ. 1፥14) ጭቃው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያሠራቸው ልበ ደንዳና ስለነበረ ነው።

በእኛ ዘንድ የጭቃ ሥራ ብዙውን ጊዜ በደቦ ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን ቤት መርጎ አይጨርስም። ጐረቤት ውኃ ይቀዳል፣ ወጣቱ ይረግጣል፣ እናቶች ምግብ ያዘጋጃሉ። የመስቀል በዓል ሲቃረብ፣ የሀዲያ ሕዝብ ያሆዴን፣ የከምባታ ሕዝብ መሳላን ለመቀበል ሲዘጋጅ፣ ክረምቱ ያቈሰለው ግድግዳ እንደ ገና ይለሰናል። ጭቃ ቤት በየጊዜው እንክብካቤን ይሻል። አንዴ ሠርቶ መርሳት የለም። በክርስትና ሕይወትም አንዴ ተጠምቀን የምንረሳው ነገር የለም፤ በንስሓና በቅዱስ ቍርባን በየጊዜው መታደስ ያስፈልገናል።

በዚህ አገር ያሉ ብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናትም የተጀመሩት በጭቃ ነው። ሕንፃው እስኪሠራ ድረስ የሚቆመው መቃኞ ብዙውን ጊዜ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ትንሽ ቤት ነው። በዚያች ጠባብ መቃኞ የሚቀደሰው ቅዳሴ በታላላቅ አድባራት ከሚቀደሰው ቅዳሴ አያንስም። በመንበሩ ላይ የሚፈተተው ሥጋው ያው ነው፤ በጽዋው ያለው ደሙም ያው ነው። ከሀዲያ ገዥዎች ቤት ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት የሆነችው ንግሥት እሌኒ በጎጃም መርጡለ ማርያም እጅግ ያማረ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበር። የዚያ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። ይህን የምናነሣው የሀዲያ ምድር ለቤተ ክርስቲያናችን ያበረከተችውን ለማስታወስና ድንጋይም እንደ ጭቃ እንደሚፈርስ ለማሳየት ነው። የማይፈርሰው በውስጡ የሚቀርበው ጸሎት ነው።

ጭቃ በአነጋገራችን

አማርኛችን ጭቃን በብዙ መንገድ ይጠቀምበታል፤ አብዛኛውም በክፉ ጐኑ ነው። ከአንዱ ችግር ወደ ባሰው ሲገባ “ከድጡ ወደ ማጡ” እንላለን። ድጥ የሚያዳልጥ ነው፤ የወደቀበት ይነሣል። ማጥ ግን ይውጣል። ሰውን ፊት ለፊት ሳይታይ የሚወጋውን ሰው የጭቃ ውስጥ እሾህ እንለዋለን። በኃይለኛ ቃል መገሠጽን ወይም መስደብን ከጭቃ ጅራፍ ጋር እናመሳስለዋለን። የኃጢአትን ሕይወት ደግሞ አረንቋ ብለን እንጠራዋለን።

ሌላም አለ። በቀድሞው የአገራችን አስተዳደር ከሹማምንት ሁሉ ለገበሬው ቅርብ የነበረው የመንደር ሹም ጭቃ ሹም ይባል ነበር። በአነጋገራችን ጭቃ ዝቅታን ብቻ ሳይሆን ቅርበትንም ያመለክታል ማለት ነው። ከመሬቱና ከሰዉ ጋር የሚኖር ሹም በጭቃ ስም ተጠራ።

እነዚህ አነጋገሮች የኑሮ ልምድ ያወጣቸው ናቸው፤ ነቀፋ የለባቸውም። ነገር የሚበላሸው የጭቃን ክፉ ስም ከጭቃው አንሥተን በጭቃ በሚሠራው ሰው ላይ ስንለጥፈው ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ቅዱሳት መጻሕፍት ጭቃን እንዴት እንደሚያዩት እንመልከት።

ጭቃ በቅዱሳት መጻሕፍት

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰው መፈጠር ሲናገር እግዚአብሔርን እንደ ሸክላ ሠሪ ያቀርበዋል። ሌላው ፍጥረት በቃል ይሁን ሲባል ተገኘ፤ ሰው ግን ከምድር አፈር ተበጀ፤ የሕይወትም እስትንፋስ እፍ ተባለበት (ዘፍ. 2፥7)። መምህራኖቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደተገኘ ያስተምራሉ። ከእነዚህ ውስጥ መሬትና ውኃ ሲገናኙ የሚሆነው ጭቃ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ጭቃ በመሆናችን ልንታበይ አይገባንም፤ የእግዚአብሔር እጅ የሠራን፣ እስትንፋሱም ያለብን በመሆናችን ደግሞ ማንንም ልንንቅ አንችልም።

ይህ በሐዲስ ኪዳን ይበልጥ ተገልጧል። ጌታችን ከእናቱ ማኅፀን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በፈወሰ ጊዜ ምራቁን ወደ ምድር እንትፍ ብሎ፣ ጭቃ አድርጎ፣ ዐይኑን ቀባው፤ በሰሊሆም መጠመቂያም እንዲታጠብ ላከው (ዮሐ. 9፥1-7)። በትርጓሜ መምህራኖቻችን ትምህርት ይህ ሰው የዐይን ስፍራ እንኳ አልነበረውም። በቃሉ ብቻ መፈወስ የሚችል አምላክ ጭቃን ለምን ፈለገ? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰሉ አባቶች ሲመልሱ፣ አዳምን ከመሬት ያበጀው እርሱ ራሱ መሆኑን ለማሳየት ነው ይላሉ። ጐድሎ የነበረውን የሰውየውን አካል ሰው ከተሠራበት ከዚያው ጭቃ ሠርቶ ሞላው። በሌላ ሰው እጅ ዐይንን የሚያጠፋ ጭቃ በጌታ እጅ ዐይን ሆነ። እኛም እስከ ዛሬ ከገዳማትና ከአድባራት እምነት ወስደን በጠበል ለውሰን ስንቀባ ይኸው ምሥጢር ይታወሰናል፤ እግዚአብሔር ዝቅ ባለው ነገር ጸጋውን ይገልጣል።

ነቢዩ ዳዊት ደግሞ እግዚአብሔር ከረግረግ ጭቃ አውጥቶ እግሮቹን በዐለት ላይ እንዳቆማቸው እያመሰገነ ይዘምራል (መዝ. 39፥2)። ይህን መዝሙር በክረምት የሀዲያ መንገድ ላይ የቆመ ሰው በእግሩ ይተረጕመዋል። ማጥ ውስጥ የገባ ሰው ራሱን ማውጣት አይችልም፤ በታገለ ቍጥር ይሰምጣል። ከዳር የቆመ፣ እጁን የሚዘረጋለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

በነቢዩ ኤርምያስ ላይ የሆነው ይህን ያስረዳናል። አለቆች ነቢዩን ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት፤ በጭቃውም ውስጥ ሰጠመ (ኤር. 38፥6)። የተከራከረለትና ያወጣው ከገዛ ወገኖቹ አንዱ አልነበረም። በንጉሡ ቤት ያለ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር። አቤሜሌክ ንጉሡን በድፍረት ለምኖ ሠላሳ ሰዎች ይዞ ሄደ። ገመድ ብቻ አላወረደም። ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ ሰብስቦ አስቀድሞ አወረደለት (ኤር. 38፥7-13)። ለዚህ ቸርነቱ ከጥፋት እንዲድን ከእግዚአብሔር ተስፋ ተሰጠው (ኤር. 39፥15-18)፤ ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው ተረፈ ባሮክም በለስ ይዞ 66 ዓመት እንደ ተኛና የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳላየ እናነባለን። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ የምንኮራበት ብቻ ሳይሆን የምንጠየቅበትም ነው። አባታችን አቤሜሌክ ሰው ከጭቃ አወጣ፤ እኛስ ማንን አወጣን? ማንንስ ጣልን?

ጭቃን በእጃቸው የሚሠሩ ወገኖቻችን

ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ ገበያ በገበያ ቀን የወረደ ሰው ሸክላ የሚሸጡ እናቶችን ያገኛል። ምጣድ፣ ድስት፣ ጀበና፣ እንስራ፣ ገንቦ ከፊታቸው ተደርድሯል። እያንዳንዱ ዕቃ ከጀርባው ብዙ ድካም አለው። ተስማሚው አፈር ከሚገኝበት ተቈፍሮ በጀርባ ይመጣል፤ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይለወሳል። እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል ይገባበታል። የሚሠራው በእጅ ነው፤ በሌላው ዓለም እንደሚታወቀው በሚሽከረከር መንኰራኵር አይደለም። ከተሠራ በኋላ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በጭድና በኩበት እሳት ይተኰሳል። ዝናም በድንገት ቢመጣ ወይም እሳቱ ያለ ልክ ቢበረታ የሳምንት ድካም በአንድ ሰዓት ገል ይሆናል።

እነዚህ ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው በሀዲያ፣ በከምባታና በአጎራባቾቻቸው ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። የሚጠሩበት ስም ራሱ እንደ ስድብ ሆኖ ስለሚነገር በዚህ ጽሑፍ አንጽፈውም። በቆየው ልማድ ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር። በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ ወደ ቤት ቢመጡ ከደጅ ወይም ከበር አጠገብ ይቀመጣሉ። ርስት አይኖራቸውም፤ ሲሞቱም ተለይተው ይቀበራሉ። ርኩስ ይበላሉ እየተባሉ ይታማሉ። ትምህርት፣ ሕግና የወንጌል ቃል ይህን ልማድ በብዙ አዳክመውታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ይሁን እንጂ በጋብቻና በማዕድ ጊዜ ልማዱ ዛሬም ራሱን ብቅ ያደርጋል።

ይህ የአንድ አካባቢ ነውር ብቻ እንዳይመስለን። በሰሜኑና በመሐል አገራችንም ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ፣ ሲፈራና ሲገለል ኖሯል። በዚህ ምክንያት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ንጉሡ በዐዋጁ የሰው ልጅ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰው፣ ሠራተኛን መስደብ ካለማወቅ የመጣ መሆኑን ተናግረዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

እስኪ ነገሩን በእርጋታ እንመዝነው። ሸክላ ሠሪዋን ወደ ማዕዳችን የማናቀርብ ከሆነ፣ ማዕዱን ራሱን የሠራችው ማን ናት? እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ፣ ወጡ የተሠራበት ድስት፣ ቡናው የፈላበት ጀበና ከእጇ የወጣ ነው። ለዝክርና ለጽዋ ማኅበር ጠላ የሚጠመቅበት ጋን የእርሷ ሥራ ነው። በብዙ የገጠር አጥቢያዎች በቤተ ልሔም ለመሥዋዕት የሚቀርበው ኅብስት የሚጋገረው በሸክላ ምጣድ ነው። የእጇን ሥራ እስከ ቤተ ልሔም አስገብተን እርሷን ከደጃችን ብንመልስ፣ የምንጸየፈው ጭቃን አይደለም፤ የእግዚአብሔርን አርአያ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በቅዱሳት መጻሕፍት እግዚአብሔር ለራሱ ከመረጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ሸክላ ሠሪነት ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ቃለ እግዚአብሔርን ለመስማት የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነበር (ኤር. 18፥1-6)። ነቢዩ ኢሳይያስም እኛ ጭቃ፣ እርሱ ሠሪያችን መሆኑን ተናግሮ ጸልዮአል (ኢሳ. 64፥8)። እግዚአብሔር ሊመሰልበት ያላፈረበትን ሙያ እኛ እንዴት የውርደት ስም እናደርገዋለን?

አንዳንዶች ቅዱስ ጳውሎስ ሸክላ ሠሪ ከአንዱ ጭቃ ለክብርም ለውርደትም የሚሆን ዕቃ እንደሚሠራ የተናገረውን (ሮሜ 9፥21) ጠቅሰው ሰው በትውልዱ የከበረና የተናቀ እንደሆነ ሊያስቡ ይችላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ሐዋርያው በዚህ ስፍራ ስለ ትውልድ ወይም ስለ ሙያ አያስተምርም። በሌላ መልእክቱም ሰው ራሱን ከክፋት ቢያነጻ ለክብር የሚሆን ዕቃ እንደሚሆን ግልጽ አድርጓል (2ኛ ጢሞ. 2፥20-21)። ክብርና ውርደት ከተወለድንበት ቤት ሳይሆን ከሕይወታችን ይመጣል። ደግሞም ሐዋርያው ስለ ራሱና ስለ ባልንጀሮቹ ሲናገር ይህ የከበረ መዝገብ በሸክላ ዕቃ እንዳለ ገልጧል (2ኛ ቆሮ. 4፥7)። ሐዋርያትን ሸክላ ብሎ የጠራ ሰው ሸክላ ሠሪን ሊንቅ አይችልም።

ያልተተኰሰ ሸክላ

ከሸክላ ሥራ የምንማረው አንድ ትምህርት ደግሞ አለ። ያልተተኰሰ ሸክላ ቢበላሽ ውኃ ይጨመርበትና እንደ ገና ጭቃ ይሆናል፤ ሠሪዋም ሌላ ዕቃ ታደርገዋለች። ኤርምያስ በሸክላ ሠሪው ቤት ያየው ይህንን ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ በሸክላው ውስጥ የተሰወረው ውኃ ፈጽሞ ይወጣል፤ የአፈሩም ባሕርይ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ሸክላው ቢሰበር ገል ይሆናል እንጂ ዳግመኛ ጭቃ አይሆንም። ነቢዩም በቀጣዩ ምዕራፍ የተሰበረውን ገንቦ ሊጠገን እንደማይችል አድርጎ ያነሣዋል (ኤር. 19፥10-11)።

የጥንት አባቶችም በዚህ ምሳሌ ንስሓን አስተምረዋል። በዚህ ዓለም እስካለን ድረስ ያልተተኰስን ሸክላ ነን። በደላችን ቢያጣምመን ሠሪያችን ሊያቃናን ይችላል። ከሞት በኋላ ግን ንስሓ የለም። ስለዚህ ወንድማችንን በመናቅ የተጣመመ ልባችንን ማቃናት ያለብን ዛሬ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ አንደበታችንን እንጠብቅ። ሰውን በሙያውና በትውልዱ መስደብ በቀልድም ቢሆን ኃጢአት መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምር። በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ አዳም አፈጣጠር ስናስተምር በመንደራችን ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች ምሳሌ አድርገን በክብር እንጥራቸው።

ሁለተኛ፣ ማዕዳችንን እንመርምር። በጽዋ ማኅበራችን፣ በሰንበቴያችን፣ በዝክራችን የማናቀርበው ወገን አለን? ሥጋ ወደሙን ከአንድ ጽዋ ተቀብለን ስንወጣ በቤታችን ጽዋ ግን ከተለያየን፣ ቍርባናችን ፍርድ ይሆንብናል። በክርስትና አባትነትና እናትነት፣ በጋብቻና በቀብር ሥርዐት ላይም እንዲሁ ነው። ካህናት አባቶቻችን በንስሓ ልጆቻቸው መካከል ይህን ልማድ ሲያገኙ በግልጽ ሊገሥጹ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሥራቸውን እናክብር። ፕላስቲክና ብረት የሸክላን ገበያ እያጠበበው ነው። ለቤታችንም ሆነ ለቤተ ክርስቲያናችን የሸክላ ዕቃ ስንገዛ የድካማቸውን ዋጋ እንክፈል፤ በአጥቢያችን በሚቋቋሙ የልማት ሥራዎችም እንደ ተረጂ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለሙያ እናሳትፋቸው።

አራተኛ፣ አፈሩንም እንጠብቅ። በአጥቢያችን ቅጽር ያለውን ደን፣ በዙሪያው ያለውን ገደልና ቦረቦር መንከባከብ ለጎረቤታችን ሕይወት መጠንቀቅ ነው። የጎፋን ሐዘን ያየ ትውልድ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

በመጽሐፈ ግንዘት ሥርዐት ወገናችንን ስንሸኝ የመጨረሻው ነገር አፈር ነው። ከመሬት ተወስደን ወደ መሬት እንደምንመለስ ለአዳም የተነገረው ቃል (ዘፍ. 3፥19) በሀብታሙም በድኻውም፣ በባለ ርስቱም በሸክላ ሠሪዋም ላይ እኩል ይፈጸማል። በመቃብር አንድ የምንሆን ከሆነ በማዕድ መለያየታችን ከንቱ ነው። ከዚያም በኋላ አዳምን ከጭቃ ያበጀው፣ የዕውሩን ዐይን በጭቃ ያበራው ጌታ በዳግም ምጽአቱ ከዚያው አፈር ሁላችንን ያስነሣናል። ያን ጊዜ የሚጠይቀን ምን ሠርተን እንደምንኖር ሳይሆን ከታናናሾቹ ለአንዱ ምን እንዳደረግን ነው (ማቴ. 25፥40)።

እንደ አቤሜሌክ ገመዱን ብቻ ሳይሆን ጨርቁንም አስበን ወንድሞቻችንን ከጭቃ የምናወጣ፣ ከቶ ማንንም ወደ ጭቃ የማንጥል እንድንሆን የቅዱስ እግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።